እባካችሁ እምቢ በሉን

ጎንደር ውስጥ «እምቢ» የሚል ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ የለም። የሌላ ከተማ ሰው ይሄን ሲሰማ «ታድላችሁ!» ይለን ይሆናል። መረጃ ጠይቆ ስለማያውቅ ነው።

የመረጃ ነፃነት ሕግ አለን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ያነሳዋል፣ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይዘረዝረዋል። የአዋጁ የመገናኛ ብዙኃን ክፍል በ2013 በሌላ አዋጅ ተተክቷል። የመረጃው ክፍል ግን እንዳለ አለ። ብዙ ሰው ስላልነካው ይሆናል፣ ዛሬም አዲስ ነው። አዋጁ እንደሚለው ማንም ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የያዘውን መረጃ በጽሑፍም በቃልም መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይቀርባል። መልስ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ከከለከሉ ምክንያታቸውን በጽሑፍ ይገልጻሉ። የተከለከለ ሰው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ይግባኝ ይላል፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያ ለፍርድ ቤት።

አያችሁት? ደረጃው ሁሉ የሚጀምረው አንድ ሰው «እምቢ» ሲል ነው። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች የታያቸው ክፉ ባለሥልጣን ነው። ፊቱን አኮሳትሮ «አልሰጥም!» የሚል። ሽማግሌ ሲገባ ከወንበሩ ብድግ የሚል፣ «ሻይ ልዘዝልዎት?» የሚል ባለሥልጣን አልታያቸውም። ጎንደር መጥተው አያውቁም ማለት ነው።

በሰፈራችን አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ። ሰፈርተኛው አዋጥቶ ኮብልስቶን ይነጠፍልን ብሎ ነበር። ተነጠፈ። ከአስፋልቱ ተነስቶ፣ ሽቅብ ወጥቶ፣ አንድ ባለ ፎቅ ቤት በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ነው። መምህሩ አንድ ገጽ ወረቀት አወጡና በዚያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በሠለጠነ እጃቸው ጻፉ፤ ከነዋሪው ስንት ተሰበሰበ? መንግሥት ስንት ጨመረ? ሊነጠፍ የታሰበው ስንት ሜትር ነበር? በቃ ይሄው ነው። እኔ በአጃቢነት ሄድኩ።

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ወጣት ነው። ገና በሩ ላይ ሲያያቸው ተነሳ።

«ውይ መምህር! ይግቡ አባቴ፣ ይግቡ! እርስዎ እኮ ሰባተኛ ክፍል አስተምረውኛል።»

እዚህ ላይ ነገሩ እንዳበቃለት ማወቅ ነበረብን። ያስተማረውን ሰው የሚከለክል ጎንደሬ ገና አልተወለደም። ልጁ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበ።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ።

«መረጃው አለ?»

«ሞልቷል!»

«ትሰጠኛለህ?»

«እንዴ! ለእርስዎ ያልሰጠሁ ለማን ልሰጥ ነው?»

«መቼ?»

«ትንሽ ይታገሡኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ቢሮ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ጉዳዩ ለፋይናንስ ተመራ። ፋይናንስ «የኛ አይደለም፣ የግንባታ ነው» አለ፣ በትሕትና። ግንባታ ቦክስ ፋይሉ እንዳለ አረጋገጠልን፣ ቁልፉን የያዘው ልጅ ስልጠና ላይ ነው። ልጁ ከስልጠና ሲመለስ መዝገብ ቤት ማኅተም የያዘችው ፈቃድ ወጣች። እሷ ስትመጣ መብራት ጠፋ። ማንም አላመናጨቀንም። ወንበር አጥተን አናውቅም። ኮሪደሩ ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፣ የትኛው አገልግሎት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይናገራል። ከሥሩ የሐሳብ መስጫ ሳጥን አለ፣ ቀዳዳው ውስጥ የከረሜላ ወረቀት ተጎስጉሶበታል። መምህሩ ከረሜላውን የበላው ሰው ሐሳቡን በሚገባ ገልጿል ይላሉ።

የሚገርመው መረጃው በከተማው ውስጥ እንደ ልቡ ይዞራል። ከግቢው በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴት ጉዳያችንን ስትሰማ ሳቀች። «እናንተ ደግሞ! የኮብልስቶኑን ነው?» ብላ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ብሩን ከነሳንቲሙ፣ ሜትሩን፣ ለምን እዚያ በር ላይ እንደቆመ፣ ማን ለማን ስልክ እንደደወለ ነገረችን። መምህሩ በጥሞና ሰምተው «በጽሑፍ አለሽ?» አሏት። ፒያሳ ማኪያቶ የሚጠጣው ሁሉ ያውቃል። ከአዘዞ ያመጣን ባለ ባጃጅ ያውቃል። የማያውቀው ማኅተም ያለበት ወረቀት ብቻ ነው።

ፌስቡክም አለ። የመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ የመንገዱ ምርቃት በፎቶ ተንበሽብሿል። ሪባን ሲቆረጥ፣ ዳቦ ሲቆረስ፣ ኃላፊው በጣታቸው ድንጋይ ሲያሳዩ። ስንት ብር እንደወጣ ግን የለም። መምህሩ ስልኬን ተቀብለው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ፎቶውን በጣታቸው እየለጠጡ ድንጋዩን መቁጠር ጀመሩ። ሁለተኛው መደዳ ላይ የአንድ እንግዳ ጫማ ጋረዳቸው።

አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጃችን መላ አመጣ። «ዝም ካሉዎት፣ ቀኑ ሲያልፍ ዝምታውን እንደ ክልከላ ቆጥረው ይግባኝ ይበሉ» አላቸው። ጥሩ ምክር ነበር። ችግሩ ማን ዝም አለ? ልጁ በየጊዜው ይደውላል! «መምህር፣ አልረሳሁዎትም» ይላል። የጉልበታቸውን ሕመም ይጠይቃል። በዓል ሲሆን እንኳን አደረሰዎት ይላል። ለእንባ ጠባቂ ምን ተብሎ ይጻፋል? «እጅግ በትሕትና እየተንከባከቡኝ ስለሆነ ይድረሱልኝ» ተብሎ?

እዚችው ከተማ ውስጥ አቤቱታ የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ ባለ ጉዳይ ከማለዳ እስከ ማታ በንጉሡ በርና መስኮት ሥር «ጃን ሆይ!» እያለ ይጮህ ነበር። የእውነት ተበዳይ ሲሳሳ ደግሞ ሥራ ፈቶች ተፈልገው፣ እንደተበደለ ሰው እንዲጮሁና እንዲያለቅሱ ይደረጋል። ለንጉሡ ክብር ነው አሉት፤ ግቢው ጭር ብሎ ብቸኝነት እንዳይሰማቸው። ዛሬ የፋሲል ግንብ በትኬት ይጎበኛል። የተከፈለው አልቃሽም ቀርቷል። እኛው በራሳችን ትራንስፖርት እየሄድን ኮሪደሩን እናደምቃለን። እውነት ለመናገር፣ ባለ ጉዳይ የማይመላለስበት ቢሮ ምን ይሠራል ተብሎ ይታሰባል?

በመጨረሻ መምህሩ ያለ ክልከላም ቢሆን ወደ የበላይ ኃላፊው ወጡ። ኃላፊው በሙሉ ሐሳባቸው ተስማሙ። ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ መልካም አስተዳደር፣ ሁሉንም ከመምህሩ አፍ እየነጠቁ ተናገሩ። ከዚያ ማመልከቻው ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «በአዋጁ መሠረት ይስተናገዱ» ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ቲተር አስመቱ። ኮሪደር ላይ መምህሩ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ይሄ እሺ ነው እምቢ?»

የተመራው ለማን እንደሆነ አየን። ወርደን በሩን ስናንኳኳ ልጁ ብድግ አለ። «ውይ መምህር! ይግቡ አባቴ!»

መምህሩ በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ይዘዙኝ።»

«ከልክለኝ።»

«ኧረ በስመ አብ! እኔ እርስዎን?»

«አንድ መስመር ብቻ። ‹አንሰጥም› በልና ፈርም። ከፈለግህ ሚስጥር ነው በል።»

«አስተማሪዬን ከልክዬ የት እገባለሁ? እጄን ይቁረጠው!»

መምህሩ ከወንበሩ አልተነሱም። ልጁ በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎት? ብሰጥዎት ከላይ ይጠይቁኛል። ብከለክልዎት ሕጉ ይጠይቀኛል። ነገ ካልኩዎት ግን ማንም አይጠይቀኝም።»

ስለ መረጃ አሰጣጥ ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ። እንደዚህ ያለ ንጹሕ መረጃ ከመንግሥት ቢሮ ሲወጣ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ያውም በቃል፣ ያውም በነፃ። ልጁን አልጠላሁትም። እሱ ወንበር ላይ እኔ ብቀመጥ ከእሱ የባሰ «ነገ» የሚል አይገኝም።

ከትንሽ ጊዜ በኋላ ከዚያው ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይታያል። መምህሩ በደስታ ያዙኝ። «ከለከሉኝ መሰለኝ!» ብለው፣ ፖስታውን በጥንቃቄ በቢላ ከፈቱት። በመረጃ ነፃነት ዙሪያ ለሚሰጥ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ የግብዣ ደብዳቤ ነው። «በጉዳዩ ላይ ካለዎት የካበተ ልምድ አንጻር» ይላል።

ሄድን። ሆቴሉ ጥሩ ነው፣ ውኃው በፕላስቲክ፣ ኩኪሱ በሳህን። አቅራቢው የአዋጁን አንቀጾች በፕሮጀክተር አሳየ፣ ጥሩም አስረዳ። ከሻይ ዕረፍት በኋላ መድረኩ ለጥያቄ ተከፈተ። መምህሩ እጃቸውን አወጡ፣ ማይክ ተቀበሉ፣ ያችኑ ጥያቄ በሰው ሁሉ ፊት አነበቡ። ከሕዝብ ስንት፣ ከመንግሥት ስንት፣ ስንት ሜትር።

አዳራሹ አጨበጨበ። ከመድረኩ የበላይ ኃላፊው ራሳቸው ማይኩን ያዙ። «መምህራችን ያነሱት እጅግ ወሳኝ ጥያቄ ነው» አሉ፤ «እንደ ግብዓት ወስደነዋል።»

ማታ የመሥሪያ ቤቱ ፌስቡክ ላይ የመምህሩ ፎቶ ወጣ፣ ማይክ እንደያዙ፣ ጣታቸው ወደ ላይ። ከሥሩ «ነዋሪዎች በመረጃ አሰጣጡ ላይ የላቀ ተሳትፎ አደረጉ» ይላል። መጀመሪያ ላይክ ያደረገው ያ ተማሪያቸው ነው።