17ኛው ላይ ምን መለስሽ?

ከፈተና ክፍል ወጥታችሁ ኮሪደሩን ሳትጨርሱ የምትሰሟት ጥያቄ ናት። አንዱ «ቢ» ይላል። ሌላው «ሲ ነው እንጂ!» ይላል። ሦስተኛዋ ምንም አትልም፣ ፊቷ ግን ይለዋወጣል። ሒሳብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ወይ አግኝታችሁታል ወይ ስታችሁታል፣ በአጻጻፍ ነጥብ አገኛለሁ የሚባል ነገር የለም።

መልስ ማመሳከር ይቅር አልልም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ የተቀመጠ ልጅ ሲወጣ ማውራት ይፈልጋል፣ ደግሞም መብቱ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ሰዓቱና አመሳከሩ ነው። ገና የሚቀጥለው ፈተና ሳያልቅ እንጀምራለን፣ ያውም ፊደል ብቻ ይዘን።

ፊደል ምንም አይነግራችሁም። ብዙ ፈተና በተለያየ ኮድ ነው የሚታተመው፤ የእኔ 17ኛ ያንቺ 23ኛ ሊሆን ይችላል፣ ምርጫዎቹም ቦታ ይቀያየራሉ። በኮምፒውተር የሚሰጠው ኤስኤቲ (የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና) ደግሞ ከዚህም ያልፋል። የሒሳቡ ክፍል 22፣ 22 ጥያቄ ያላቸው ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ሁለተኛው ከበድ ወይም ቀለል ብሎ የሚመጣው በመጀመሪያው ላይ እንደሠራችሁት ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ልጆች የተለያየ ጥያቄ ሠርተው ሊወጡ ይችላሉ። በየክፍሉ ካሉት ጥያቄዎች ሁለቱ ደግሞ ለሙከራ የገቡ ስለሆኑ ነጥብ የላቸውም። እንቅልፍ ያሳጣችሁ ጥያቄ ጭራሽ የማይቆጠር ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

«ሁላችንም ቢ ካልን ቢ ነው» የሚለው ነገርም አያስኬድም። የተሳሳቱት ምርጫዎች ዝም ብለው የተደረደሩ ቁጥሮች አይደሉም። አዘጋጁ ተማሪ የት ጋ እንደሚስት አስቦ ነው የሚያስቀምጣቸው። ዋጋው በ20 በመቶ ጨምሮ ከዚያ በ20 በመቶ ቢቀንስስ? «ወደ ነበረበት ይመለሳል» የሚል ምርጫ አይጠፋም፣ ብዙ ሰውም እሱን ያጠቁራል። 100 የነበረው ግን 120 ይሆንና 96 ላይ ነው የሚያርፈው። አራት ጓደኛሞች አንድ መልስ ላይ ከተገናኙ አራቱም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ሊሆን ይችላል።

በ1982 እ.ኤ.አ. በኤስኤቲ ላይ የወጣች አንዲት ጥያቄ አለች። የትንሹ ክብ ራዲየስ የትልቁ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ትንሹ በትልቁ ዙሪያ ተንከባልሎ ወደተነሳበት እስኪመለስ ስንት ጊዜ ይሽከረከራል? 3 ያለ ሰው ሁሉ እርግጠኛ ነው። አዘጋጆቹም 3 ነው ብለው ነበር። ትክክለኛው 4 ነው፣ እሱ ደግሞ ከነጭራሹ ምርጫ ውስጥ አልነበረም! 300,000 ያህል ተማሪ ተፈትኖ ስህተት አለ ብለው የጻፉት ሦስት ብቻ ናቸው። ካላመናችሁ እኩል የሆኑ ሁለት ሳንቲሞች ውሰዱ። አንዱን ያዙት፣ ሌላውን ጠርዝ ለጠርዝ አስነክታችሁ ዙሪያውን አንከባልሉት። አንዴ ይዞራል ብላችሁ ስትጠብቁ ሁለቴ ይዞራል።

ይህን ሁሉ የምለው ራሴ ስለደረሰብኝ ነው። ጠዋት ሒሳብ ተፈትነን ወጣን። የእኔ መልስ 12 ነበር። ጎበዝ የሚባል ልጅ «18 ነው፣ ግልጽ ነው» አለ፣ አጠገቡ የነበሩትም «እኛም 18» አሉ። እረፍቱን በሙሉ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ስሠራው ቆየሁ፤ ላብ ቁጥሮቹን አጠፋቸውና እንደገና ጻፍኩ። ከሰዓት ሌላ ፈተና ገባሁ። «የማይሆነው የቱ ነው?» የሚለውን «የሚሆነው የቱ ነው?» ብዬ አንብቤ ሁለት ጥያቄ በከንቱ ሄደብኝ። ኋላ ሲጣራ መልሱ 12 ነበር። ያ ልጅ ክፉ አልነበረም፣ ድምፁ ከእኔ ከፍ ያለ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። የመጨረሻው ፈተና እስኪያልቅ ቆዩ። ከዚያ ስትቀመጡ «ስንት አመጣሽ?» ሳይሆን «እንዴት አመጣሽው?» ተባባሉ። ጓደኛ ዝም ካለ ዝም ይበል፣ ተዉት።

ሁሉም ፈተና ካለቀ በኋላ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ እንደዚህ ጠየቀችኝ። ስለ ሌላ ጥያቄ ነበር፣ እርግጠኛ ስለነበርኩበት። ደረጃ ላይ ተቀምጠን ባዶ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው ሠራሁላት። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ እጄን ያዘችኝ። ቅንፉን ስፈታ የመቀነስ ምልክቱን ለመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ሰጥቼ ሁለተኛውን ረስቼው ነበር። እስከዛሬ ከቅንፍ በፊት መቀነስ ሳይ መጀመሪያ እከብበዋለሁ፣ ከዚያ ነው የምሠራው።