አባይ ማደሪያ አገኘ፤ ግንዱ እኔ ጋ ቀረ

ስልኬን 23 ላይ ነቀሉብኝ።

ማክሰኞ ነው። መብራት ከሄደ ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። እኛ ሰፈር፣ ጎንደር ማራኪ፣ እሑድ ማታ ዝናቡ ሲበረታ ትራንስፎርመሩ አንዴ «ጧ!» አለና ዝም አለ። ጧ ብሎ ዝም ያለ ነገር ቶሎ መልሶ እንደማይናገር እናውቃለን። ሻማ ገዛን። ፍሪጅ ውስጥ የነበረችውን ሥጋ ከመበላሸቷ በፊት ጠብሰን ጨረስናት። የቀረው ስልኩ ነው። ስልክ ደግሞ አይጠበስም። ቻርጀሬን ኪሴ ከትቼ ወደ ፒያሳ ወጣሁ።

ፒያሳ ጀነሬተር ያለው አንድ ሻይ ቤት አለ። ባለቤቷን ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። የእትዬ ሕግ አጭር ነው፤ ሻይ ያላዘዘ አይሰካም። ዲቫይደሩ ስድስት ቀዳዳ አለው፣ ሁለቱ ሞተዋል። ከቀሩት አራት አንዱ ላይ ሌላ ዲቫይደር ተሰክቷል። እሱ ላይ ደግሞ ሌላ። መጨረሻ ላይ የሰካ ሰው ስልኩ ጋ የሚደርሰው መብራት ሳይሆን የመብራት ወሬ ነው።

እኔ መሀል ላይ ነበርኩ። በአራት ሻይ 23 ደረስኩ። አራት ሻይ የጠጣ ሰው የሚሄድበት ቦታ አለ። ሄጄ ስመለስ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ በሆዱ ተደፍቷል። በቦታው ትንሽ የቁልፍ ስልክ ተሰክታለች፤ ጀርባዋ እንዳይከፈት በላስቲክ ታስሯል። አጠገቧ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ናት?»

«የኔ ናት ልጄ። ያንተ 23 ብሏል። ይበቃሃል ብዬ ነው።»

«የእርስዎስ ዘግታ ነው?»

«ኧረ የምን መዝጋት! ሦስት መስመር አላት። ቅዳሜ ነው የሞላኋት። ጀነሬተሩ እየሠራ ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ ነው።»

ቅዳሜ የሞላች ስልክ ማክሰኞ ሦስት መስመር አላት። የኔ ጠዋት ቢሞላ ለምሳ አይደርስም። ሰውየው እኩያዬ ቢሆኑ የምለውን አውቅ ነበር። ግን ጎንደር ነው ያለነው። ጋቢ ለለበሰ ሽማግሌ ድምፅ ከፍ አይደረግም። «ኧረ ምንም አይደል ጋሼ፣ ይጫወቱ» አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ስለነበር «ይጫወቱ» የሚለው በደንብ አልወጣም።

ይበቃሃል! እኔን ያቃጠለኝ መነቀሉ አይደለም፤ ይህች ቃል ናት። ለሰው ስልክ የሚበቃውን የሚለካው ማን ነው? እኛ እኮ ጠግቦ የተነሣን ሰው «በሞቴ» ብለን መልሰን የምናስቀምጥ ሕዝብ ነን። ጉርሻ ሲሆን አንድ ያጣላል ይባልና ሁለተኛው ይከተላል። ሁለተኛውን ስትውጥ ሦስተኛው አፍህ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በቃኝ ብትል ቅያሜ ነው። ሶኬት ላይ ስንደርስ ግን የማናውቀውን ሰው ስልክ ገልብጠን፣ ቁጥሩን አንብበን፣ «ይበቃዋል» እንላለን። በስልክ አንድ ጉርሻ አያጣላም እንዴ?

ደግሞ 23 ማለት 23 አይደለም። መብራት ሲጠፋ የኔትወርክ ማማውም መጠባበቂያ ባትሪ ላይ ነው የሚቆመው። ያ ሲያልቅ ስልክህ ራቅ ያለ ማማ ፍለጋ ይወጣል። ኪስህ ውስጥ ዝም ያለ ይመስልሃል እንጂ፣ ገበያ መሀል ልጅ እንደጠፋባት እናት እየተጣራ ነው። ሲጣራ ኃይል ይጨርሳል። ስለዚህ ፒያሳ 23 የነበረው ማራኪ ሲደርስ 11 ነው። ያወቀ ሰው አውሮፕላን ሞድ ላይ ያደርገዋል። እኔም አንዴ አድርጌው ነበር። እናቴ ስትደውል ዝግ ሆነባትና ሁለት ጎረቤት ይዛ ቤቴ ድረስ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልትለብስ ትንሽ ነው የቀራት። ያን ጊዜ ተውኩት።

እዚህ ላይ አንድ የምወዳት ተረት አለች። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል።» መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ይመዛል። ጥሩ ናት፣ ግን ተጠቅሰው ካለቁት ውስጥ ናት። እኔ ያኛዋን የምወዳት ግንድ ስላለባት ነው። ልጅ ሆኜ ማደሪያ ማጣቱ ይገባኝ ነበር፤ ግንዱ ምን እንደሚያደርግለት ግን አይገባኝም ነበር። ማደሪያ የሌለው ሰው ለምን ዕቃ ይበዛበታል? አሁን ገብቶኛል። ግንዱ ቻርጀር ነው።

ታዲያ አባይ ማደሪያ አገኘ አይደል! መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ተጣለ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ተመረቀ። ጉባ ላይ ተኛ። 5,150 ሜጋ ዋት። እኔም ከደሞዜ ቦንድ ገዝቻለሁ፣ ወረቀቱ ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር አንድ ላይ ተቀምጧል። ውሃውም ቢሆን የኛ አለበት። ፋሲል መዋኛ የሚገባው የቀሃ ውሃ ወደ መገጭ ይወርዳል፣ መገጭ ጣና ይገባል፣ አባይ ከጣና ይወጣል። አንዱ እጅ ደግሞ በጣና በለስ በኩል አልፎ ተርባይን አዙሮ ነው የሚሄደው። ከሰፈራችን በውሃ ሄዶ በሽቦ የሚመለስ ዘመድ ማለት ነው።

መብራት የሌለው ሰው ብዙ ስለማይሠራ ስሌት ሠራሁ። እንደኔ ዓይነት ባለ 5,000 ባትሪ ስልክ ለመሙላት 20 ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። (ይኸው፣ እኔም «ይበቃዋል» አልኩ።) ግድቡ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ፣ በአንድ ሰከንድ የሚያመነጨው 70 ሺህ ያህል ስልክ ከባዶ እስከ መቶ ይሞላል። በአንድ ሰከንድ! «እ» ብለህ ሳትጨርስ። ከ70 ሺህ ውስጥ አንዱ የኔ ቢሆን ማን ይጎዳል?

ጎረቤቴ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። ችግሩ ውሃው አይደለም፣ ሽቦው ነው አለኝ። እውነቱን ነው። ስንት ተራራና ገደል ተሻግሮ ጎንደር የገባ መብራት፣ እኛ በር ላይ ያለች አንዲት ትራንስፎርመር ላይ ሲደርስ ይሞታል። ዘመድ ከሩቅ አገር መጥቶ ደጃፍህ ላይ ሲወድቅ እንደማየት ነው። ቢገባኝም አላጽናናኝም።

ይልቅ የሚገርመኝ የከተማዋ ነገር ነው። ከጎንደር በፊት የነገሥታቱ ከተማ ድንኳን ነበር። ዛሬ እዚህ፣ ከርሞ እዚያ። ዕቃ ጭኖ መዞር። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. እዚህ ረጋ፤ ግንቡን ገነባ። ጎንደር መዞር የቀረባት ከተማ ናት። ቱሪስት ሁሉ ከሩቅ አገር የሚመጣው ይህን ሊያይ ነው። ፋሲል ማደሪያ አገኘ። አባይ ማደሪያ አገኘ። እኔ፣ የዚህችው ከተማ ነዋሪ፣ ግንቡን በስተቀኝ እያለፍኩ ኪሴ ውስጥ ሽቦ ጠቅልዬ እዞራለሁ። አንዳንዴ ጃንተከል ዋርካ ሥር እቆምና አስባለሁ። እሱ ብቻ ነው በዚህ ከተማ የማይሰካ።

መዞሬ የማልናገረው ጉድ አለው። ፀጉር ቤት ጀነሬተር ስላለው ባለፈው ክረምት በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ተላጭቻለሁ። ሦስተኛው ላይ ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን ይዞ ራሴን ከበላይ አየውና «ጋሼ፣ ምኑን ልቁረጠው?» አለኝ። «ጆሮዬ አካባቢ» አልኩት። ስልኬ 40 ላይ ነበረች፣ 60 እስክትሞላ ጆሮዬ አካባቢ ይሠራልኝ ጀመር። ሌላ ቀን ባጃጅ ይዤ ከአውቶፓርኮ ስመለስ ገንዘቤ በሙሉ ቴሌብር ውስጥ ነው። ማራኪ ስንደርስ ስልኬ ዘጋ። «ብር አለኝ፣ ግን ዘግቷል» አልኩት። ልጁ ጨዋ ነው። «ሲከፈት ይላኩልኝ» አለና ስልክ ቁጥሩን መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈልኝ። ቤት ገብቼ ከልምድ እጄን ታጠብኩ። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ዕዳዬን አልካድኩም፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ናቸው የጠፉኝ።

ይህ ሁሉ ግን የጀመረው በቻርጀሩ ነው። ይህን ሳልናገር ብሞት ይቆጨኛል። 2015 ለጥምቀት የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ጥምቀት ጎንደር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። በየቤቱ እንግዳ ነው፤ ሳሎን፣ ኮሪደር፣ ሶፋ ጀርባ ሳይቀር ፍራሽ ተዘርግቷል። ሁሉም እንግዳ ስልክ አለው፣ አንዱም ቻርጀር አላመጣም። የኔ ከስልኩ ጋር በካርቶን የመጣ ኦሪጅናል ነው፤ በግማሽ ሰዓት ግማሹን ይሞላል። የአጎቴ ልጅ «አንዴ ብቻ» ብሎ ወሰደው። ታቦቱ ገባ፣ እንግዳው ተበተነ፣ ቻርጀሩም አብሮ አዲስ አበባ ገባ። ሦስት ወር ለመንኩት። በመጨረሻ በአውቶቡስ ላከልኝ። ተመሳሳይ ነጭ፣ ተመሳሳይ ጽሑፍ። ስይዘው ግን ቀለለኝ። የራስን ዕቃ እጅ ያውቀዋል። ቅጂ ነው!

ይህ ቅጂ ቻርጀር እንደ ምጣድ ይግላል። እሱ እንኳ ይቻላል። የባሰው፣ በጀነሬተር ስሰካው ስክሪኑን ያሳብደዋል። የሚሰጠው ኃይል የተጣራ ስላልሆነ ስልኩ ጣት የነካው ይመስለዋል። ሳትነካው ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይጽፋል። አንድ ሌሊት ዘመድ ቤት ለቅሶ ልናድር ሄደን፣ ጀነሬተሩ ላይ ሰክቼው ጋደም ባልኩበት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በራሱ ፈቃድ አማቴ ጋ ደወለ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ስልክ ሲጠራ አንዲት እናት የምታስበው ምን እንደሆነ ይታወቃል። እኔ ተኝቻለሁ። እሳቸው «ሃሎ! ሃሎ! ማን ሞተ?» ይላሉ፣ ከዚህኛው ጫፍ የሚሰማው የኔ ማንኮራፋት ነው። እስካሁን ሲያዩኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ጤናዬን አይደለም። «ስልክህን አጥፍተሃል?» ነው። የአጎቴ ልጅ ግን በዓል ሲሆን የእንኳን አደረሰህ መልእክት ይልክልኛል። ከኔው ቻርጀር በሞላ ስልክ! ዘንድሮ አልመለስኩለትም። አልመልስለትምም።

ምን ላይ ነበርኩ? 23 ላይ።

ሐሙስ መብራት መጣ። ልጆቹ በየደጁ «መጣ!» ብለው ጮኹ፣ እኔም ቻርጀር ፍለጋ ኪሴን ስገለብጥ ቡና ሳይጠጣ እንደሚሄድ እንግዳ ተመልሶ ሄደ። ስለዚህ አርብ ጠዋት እንደገና እትዬ ጋ። ለጋሼ የምለውን መንገድ ላይ አዘጋጅቻለሁ። በአክብሮት፣ በእርስዎታ፣ ግን ጠንከር ያለ። ገባሁ። ያው ጋቢ፣ ያው ጠረጴዛ።

«ና ልጄ፣ ና! ቦታ ይዤልሃለሁ» አሉኝ ገና ከበር ሳልገባ። ያች በላስቲክ የታሰረች ስልካቸው ሙሉ ናት፣ መስመሮቿ ጫፍ ደርሰዋል፤ የተሰካችው ለኔ ቦታ ልትይዝ ነው። «ያን ቀን ፊትህ ደስ አላለኝም። ሳስበው አደርኩ።» ነቀሏትና ጋቢያቸው ውስጥ ከተቷት።

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ እንዴት ይኮረፋል? ጉልበታቸውን ስሜ ሰካሁ። ሻይ አዘዝኩ፣ ለሳቸውም ጭምር። 9፣ 10፣ 11።

ከጓዳ በኩል አንዲት ወጣት እጇን እያራገፈች ብቅ አለች። ከስኳር ዕቃው ኋላ በሆዱ የተደፋ ስልክ አነሳች። አየችው። ዲቫይደሩን አየች። ከቀዳዳው ሽቦውን በዓይኗ ተከትላ እኔ ጋ ደረሰች።

«ማነው የኔን የነቀለው? 19 ላይ እኮ ነው!»

ሻይ ቤቱ ሁሉ ወደኔ ዞረ። እትዬም ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ቆሙ። እኔ ጋሼን አየሁ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ጆሮዬ ላይ፣ «19 ይበቃታል ብዬ ነው» አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ።

«ኧረ እኔ አይደለሁም» አልኩ። ስልኬ 12 አለ።