ጣቢያው ከከተማው ሲርቅ

የምኖረው ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ በርን አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ባቡር ጣቢያው መሀል ከተማ ነው። ዳቦ ቤቱም ፖስታ ቤቱም እሱኑ ከበው ነው የተሠሩት። ቢጫዎቹ የፖስታ አውቶቡሶች በራቸውን ከፍተው ባቡሩን ይጠብቃሉ። ከተራራው መንደር የመጡ አሮጊት ከአውቶቡሱ ወርደው ሃያ እርምጃ ቢራመዱ ነው፤ ባቡሩ ውስጥ ናቸው።

የጣቢያውን ሰዓት ማየት እወዳለሁ። ቀይዋ የሰከንድ ቆጣሪ አናቱ ላይ ስትደርስ ቆም ትላለች። ደቂቃው ዘለል ሲል እሷም ትቀጥላለች።

እዚያ ቆሜ የማስበው ግን አዋሽ ሰባት ኪሎን ነው። ልጅ ሆኜ ከእማዬ ጋር ድሬዳዋ አክስቴ ዘንድ ስንሄድ፣ ባቡሩ ገና ሳይቆም ሴቶቹ መስኮቱ ሥር ይደርሱ ነበር። ፓፓያ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሻይ። አንድ ቀን እማዬ መልሷን ሳትቀበል ባቡሩ ተነሳ። ሻጯ ነጠላዋን በአንድ እጇ ይዛ ከጎናችን ሮጠች። ሳንቲሞቹን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። በላብ ርሰው ይሞቁ ነበር።

ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በፈረንጆቹ 1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር ነው። መጀመሪያ ላይ ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ ሦስት ቀን ይጓዝ ነበር። አዋሽን ከተማ ያደረጋት ይኸው ማደሪያነት ነው።

ባለፈው ሀገር ቤት ስገባ በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሄድኩ። ደስ ብሎኛል፤ የኛ ነው። ግን ለመሳፈር አዲስ አበባን አቋርጬ ከተማው ዳር ያለው ለቡ ጣቢያ ድረስ መሄድ ነበረብኝ። ድሬዳዋም ስወርድ ከተማው ገና ሩቅ ነው። ሻንጣዬን ይዤ ከሾፌር ጋር ዋጋ ስከራከር አመሸሁ። መስመሩ በዋናነት ለጭነት እንደታሰበ ይገባኛል። ጣቢያውን አሁን ነቅሎ ማምጣትም አይቻልም። ሚኒባሶች በባቡሩ ሰዓት ተሰልፈው እንዲጠብቁ ማድረግ ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም። ለሻጮቹም ጥላ ያለው ቦታ ይሰጣቸው።

ስመለስ አዋሽ ወርጄ አሮጌውን ጣቢያ አየሁት። ሐዲዱ ላይ ፍየሎች ተኝተዋል። ግድግዳው ጥላ ሥር አንዲት እናት ሻይ ያፈላሉ።

«እማማ፣ ባቡር አይመጣም እንዴ?» አልኳቸው።

«እሱማ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው» አሉና በእጃቸው አሳዩኝ። ከዚያ ሻይ ቀዱልኝ።