የጎን ስፖኪዮ የውስጡን አይተካም

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ኮፈን ያስከፍታል። ሞተሩን ያስነሳል፣ ጭሱን ያያል፣ ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ ያደርጋል። ከዚያ ገብቶ መሪውን ይዞ ቀና ሲል የውስጥ ስፖኪዮ የለም። የፊት መስታወቱ ላይ የደረቀ ማጣበቂያ ብቻ ቀርቷል። ሻጩ መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፦ «እሱ ቀላል ነገር ነው፣ የጎኖቹ ይበቃሉ።» ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ ይስማማል። ከዋጋው ላይ ትንሽ ያስቀንስና ጉዳዩን ለነገ ያሳድረዋል። ያ ነገ ለወራት ሳይመጣ ይቀራል።

እኔ በዚህ አልስማማም። የውስጥ ስፖኪዮ የሌለው መኪና ገና ለመንገድ ያልተዘጋጀ መኪና ነው። ፍሬኑ የላላ መኪና ተረክቦ «ነገ አሠራዋለሁ» እያለ የሚነዳን ሰው ሁላችንም እንቆጣዋለን። ስፖኪዮ ሲጎድል ግን ዝም እንላለን። ዝም የምንለው ሥራውን በደንብ ስለማናውቀው ይመስለኛል።

«የጎኖቹ ይበቃሉ» የሚለው አባባል የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጎን ስፖኪዮ ሥራው በስተጎን ያለውን መስመር ማሳየት ነው። በትክክል ከተስተካከለ የራሳችሁን መኪና ጎን ከነጭራሹ አያሳይም ማለት ይቻላል። መሪው በግራ በኩል በሆነ መኪና ጭንቅላታችሁን ወደ ግራው መስኮት አስጠግታችሁ፣ የመኪናው ጎን ጠርዙ ላይ በጭንቅ እስኪታይ ድረስ የግራውን ወደ ውጭ ትገፋላችሁ። ከዚያ ወደ መኪናው መሀል ጋደል ብላችሁ የቀኙንም እንደዚያው። ቀጥ ብላችሁ ስትቀመጡ ሦስቱ ስፖኪዮዎች ይቀባበላሉ። ከኋላ የሚመጣው መኪና መጀመሪያ የውስጡ ላይ ይታያል። ሊያልፋችሁ ወጣ ሲል ከውስጡ ሳይጠፋ የጎኑ ላይ ብቅ ይላል። ከጎኑ ሳይጠፋ ደግሞ በመስኮታችሁ በኩል በዓይናችሁ ታገኙታላችሁ። መስመር ከመቀየር በፊት ዞር ብሎ ማየት ያኔም ቢሆን አይቀርም፤ ግን ድንገት ከየት መጣ የምትሉት መኪና በጣም ይቀንሳል።

አሁን የውስጡን አውጡት። ሾፌሩ ከኋላው ምን እንዳለ ማወቅ አለበት፤ ሳያውቅ ፍሬን መያዝ አይችልም። ስለዚህ የጎኖቹን ወደ ውስጥ ያዞራቸዋል። አሁን የኋላውን ጥግ ጥጉን ያያል፣ የራሱን በርና የኋላ ጎማ ያያል፣ በስተጎን ያለው መስመር ግን ከእይታው ወጣ። ሞተር ሳይክል እዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይደበቃል። አንድ ስፖኪዮ ሲጎድል የቀሩት ሁለቱም የራሳቸውን ሥራ ይለቃሉ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ መኪኖች ላይ በተሳፋሪው በኩል ያለው የጎን ስፖኪዮ፣ አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ሁለቱም፣ ወደ ውጭ ጎበጥ ያሉ ናቸው። ጎባጣ መስታወት ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ በምትኩ ሁሉን ነገር ያሳንሳል። ትንሽ የታየን ነገር ዓይን ሩቅ ነው ብሎ ይገምታል። በአሜሪካ የሚሸጡ መኪኖች ላይ በተሳፋሪው በኩል ባለው ጎባጣ ስፖኪዮ «የሚታዩት ነገሮች ከሚመስሉት ይልቅ ቅርብ ናቸው» የሚል ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው ለዚህ ነው። የውስጡ ጠፍጣፋ ነው። ነገሩን በትክክለኛ መጠኑ ያሳያል። ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና ምን ያህል ቀርቧል፣ እየፈጠነ ነው ወይስ እየቀዘቀዘ ነው የሚለውን በአንድ እይታ የምትለዩት በእሱ ነው። የአሜሪካው የተሽከርካሪ ደህንነት ደንብ ቁጥር 111 የውስጡ መስታወት ጠፍጣፋ እንዲሆን፣ ወደ ጎን ቢያንስ 20 ዲግሪ እንዲያሳይ፣ ከመኪናው ኋላ ከ61 ሜትር ሳይርቅ ጀምሮ መንገዱን እስከ አድማስ እንዲያሳይ ያዛል። የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ የዓይናችን አሠራር ግን የትም አንድ ነው።

«የኋላ ካሜራ አለው እኮ» የሚል መልስም እሰማለሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ ካሜራ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን ያ ካሜራ የተሠራው የኋላ ማርሽ ስታስገቡ ከመኪናው ጀርባ ያለውን ሕፃን እንድታዩ ነው። ወደ ፊት ስትነዱ አብዛኛው ይጠፋል። መስኮት አልባ የጭነት ቫን ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የውስጡ የሚያሳየው ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ትልልቅ የጎን ስፖኪዮዎች ሥራውን ይዘዋል። ለቤት መኪና ግን ይህ ሰበብ አይሆንም።

ገዢዎች ልብ እንዲሉት የምፈልገው ሌላ ጉዳይ አለ፤ ስፖኪዮው ለምን ጠፋ? ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ማጣበቂያው በፀሐይ ደርቆ ለቆ ወድቋል። አንዳንዴ ግን የተደበቀ ታሪክ አለ። በግጭት ጊዜ የተሳፋሪው ኤርባግ ሲፈነዳ ወደ ላይ ተወርውሮ የፊት መስታወቱን ሊሰነጥቅና ስፖኪዮውን ነቅሎ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ የፊት መስታወቱን ጥግ ተጠግታችሁ ተመልከቱ። እዚያ የአምራቹ ማህተም አለ። ከበሮቹ መስታወቶች ማህተም ጋር አስተያዩት። ከተለያየ የፊቱ የመቀየሩ ዕድል ሰፊ ነው። ጠጠር ሰንጥቆት ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ የባሰም ሊሆን ይችላል። ቁልፉን ስታዞሩ የኤርባግ ምልክቱ በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋቱን እዩ። ጨርሶ ካልበራ ወይም በርቶ ከቀረ ስለ ስፖኪዮ ማውራቱን ትታችሁ ስለ ኤርባጉ ጠይቁ። ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባጉ ክዳን ቀለሙ ወይም መጋጠሚያው ከቀረው ጋር ካልተስማማም እንደዚያው።

ምትኩን ስትፈልጉ ከመስታወቱ ቅርጽ በፊት አያያዙን እዩ። አንዳንዱ ከጣሪያው ጋር በብሎን ይታሰራል። አብዛኛው ግን የፊት መስታወቱ ላይ በተለጠፈች ትንሽ የብረት ቁራጭ ላይ ይሰካል። የብረቷ ቅርጽ እንደ መኪናው ይለያያል። አንዱ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ አንዱ ተጠምዝዞ ይቆለፋል፣ አንዱ በትንሽ ብሎን ይጠብቃል። ከተበተነ መኪና የተገኘ አሮጌ ስፖኪዮ ምንም ነውር የለበትም፤ ፋብሪካው ከሠራው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ እንዲያውም እመርጠዋለሁ። ግን የመስታወቱ ጀርባ ያልተላላጠ፣ ከመስታወቱ ሥር ያለው የማታው ማንሻ የማይጣበቅ፣ መገጣጠሚያው ያልላላ ይሁን። የማታው ማንሻ ለጌጥ አይደለም። መስታወቱ ከላይና ከታች ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ የፊቱና የጀርባው ገጽ አንድ አቅጣጫ አይመለከቱም። ማንሻውን ስትነኩት ብሩ የተቀባው ጀርባ ብርሃኑን ወደ ጣሪያ ይልከዋል፤ ለዓይናችሁ የሚደርሰው ከፊተኛው ገጽ የሚመለሰው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከኋላ የሚያንቦገቡግ ረጅም መብራት በዚያ ይለዝባል። ራሱ የሚደበዝዘው ዓይነት ደግሞ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይፈልጋል። ሲያረጅ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ጥቁር ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ እንዲህ ያለውን አትግዙ።

ማጣበቁ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መካኒክም ጭምር። በእጅ የተገኘ ሱፐር ግሉ ይቀባና «በቃ ያዘ» ይባላል። ለሳምንት ይይዛል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና የፊት መስታወቱ በጣም ይግላል፣ ማታ ይቀዘቅዛል። ብረቱና መስታወቱ እኩል አይለጠጡም፤ ተራው ሱፐር ግሉ ደግሞ ሲደርቅ ይሰባበራል እንጂ አብሯቸው አይለጠጥም። አንድ ቀን ስትነዱ ስፖኪዮው ጭናችሁ ላይ ይወድቃል። ጠንካራ ነው ተብሎ የሚመረጠው ኢፖክሲም ሲለቅ የመስታወቱን ፊት ይዞ ሊነሳ ይችላል። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚሸጥ ማጣበቂያ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከማጣበቂያው በፊት የሚቀባው አዘጋጅ ፈሳሽና ማጣበቂያው ለየብቻ ናቸው። እሱን ግዙ።

ቦታውን ከውጭ በኩል በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ውስጡን ስለምትፍቁና ስለምታጥቡ እዚያ የተደረገ ምልክት አይተርፍም። አሮጌውን ማጣበቂያ በምላጭ በቀስታ ፍቁ፣ መስታወቱንም ብረቱንም በአልኮል አጽዱ፣ ከዚያ በኋላ በጣት አትንኩት፤ የጣት ቅባት ብቻውን ሥራውን ያበላሻል። ብረቷን ከመለጠፋችሁ በፊት ስፖኪዮውን አምጥታችሁ በየት በኩል እንደሚሰካ ሞክሩ። የተገለበጠች ብረት ከደረቀች በኋላ ማንሳት መከራ ነው። መስታወቱ ቀዝቃዛም ትኩስም አይሁን። ማጣበቂያው ማሸጊያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተጫኑት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ስቀሉት ይላል። እኔ ግን 24 ሰዓት ሳይሞላ ክብደት እንዳይሰቀልበት እመክራለሁ፤ ማጣበቂያው ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ያኔ ነውና።

ከተገጠመ በኋላ እየነዳችሁ ፈትሹት። እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ በመጀመሪያው የኢንዲያናፖሊስ 500 የመኪና ውድድር ሬይ ሃሩን እንደ ሌሎቹ ከኋላ የሚመጣውን የሚያይለት መካኒክ ከጎኑ ሳይጭን መስታወት ገጥሞ ብቻውን ነዳ፣ አሸነፈም። በኋላ ግን መንገዱ ጡብ ስለነበር መስታወቱ በጣም ይንቀጠቀጥ እንደነበርና ምንም ያየበት እንዳልነበር ተናግሯል። የሚንቀጠቀጥ ስፖኪዮ ያኔም ዛሬም ያው ነው። የኋላውን መኪና የታርጋ ቁጥር እስከማይነበብ የሚያደበዝዝ ከሆነ መገጣጠሚያው ላልቷል። ብሎን ካለው ይጥበቅ፣ ከሌለው ይቀየር። በወረቀት አታስደግፉት።

ለሻጮች የምለው አለኝ። ስፖኪዮ የሌለውን መኪና ዋጋ ቀንሳችሁ ከመስጠት ስፖኪዮውን ገጥማችሁ በሙሉ ዋጋው ሽጡት። ቅናሹ የሚጠቅመው ለገዢው ኪስ ነው፤ ከጎኑ በሞተር ሳይክል ለሚያልፈው ሰው ምንም አይጠቅመውም። ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ይገጠም በሉ። ማጣበቂያው እስኪጠነክር ማደር አለበት ካሏችሁ መኪናውን በማግስቱ ውሰዱ።