አዲስ ሪሞት ማሠራት የተሰረቀውን አያጠፋውም

ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ የመኪናው ሪሞት ቁልፍ ለተሰረቀበት ወንድማችን «አዲስ አሠራ፣ የድሮው በራሱ ይሞታል» የሚል ምክር ተሰጥቶታል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም።

በአብዛኞቹ መኪኖች አዲስ ቁልፍ ሲመዘገብ በመኪናው ኮምፒውተር ላይ ይጨመራል እንጂ የተሰረቀውን አያስወጣውም። ሌባው ነገም በር ይከፍታል፣ ሞተር ያስነሳል። «የሪሞቱ ባትሪ ሲያልቅ ያበቃለታል» የሚለውም አያስተማምንም። ኢሞቢላይዘር (ያልተመዘገበ ቁልፍ ሞተሩን እንዳያስነሳ የሚከለክል መሣሪያ) ባለው መኪና፣ ቁልፉ ውስጥ ያለችው ቺፕ ባትሪ አትፈልግም። ማስነሻው ዙሪያ ካለው ጥቅል ሽቦ ኃይል ታገኛለች።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ባለሙያውን «ቅዳልኝ» ብቻ አትበለው። «የተመዘገቡትን በሙሉ አጥፋና በእጄ ያሉትን እንደገና መዝግብ» በለው። ቤት የቀረውንም ቁልፍ ይዘህ ሂድ፤ አለበለዚያ እሱም አብሮ ይሰረዛል። የቁልፉ ብረት ግን ከዚያ በኋላም በር ይከፍታል። የሚያስገባው ቀዳዳ ካለ የበሩን መቆለፊያ አስቀይር። ቺፕ በሌላቸው የቆዩ መኪኖች ላይ ደግሞ የማስነሻው መቆለፊያም መቀየር አለበት።

ለዚህ ሥራ እስከ ባሕር ዳር መሄድ ካለብህ፣ እስከዚያው መኪናዋን መንገድ ዳር አታሳድራት። ጥበቃ ያለው ግቢ አስገባት። የመኪናዋን ባትሪ ፈትተህ ቤት አስገባ፣ መሪ መቆለፊያም ግጠም። ሊብሬው ውስጥ ካለ አውጣው። ለፖሊስ ዛሬውኑ አመልክት፤ ይህን ለነገ አትበል።