ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ብር

ባለፈው ቅዳሜ ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ ነበርኩ። አንዲት የማውቃት ሴት ቡና ጠርታኝ ነው። ስገባ ጥግ ላይ አዲስ ሻንጣ ቆሟል። ትልቋ ልጇ በኮንትራት ሪያድ ልትሄድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል።

ልጅቷ ቡናውን ታቀራርባለች። ከእኔ ሌላ ሦስት እንግዶች አሉ። አንደኛው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ለዓመታት የሠራ ጎረቤት ነው፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ተመራጭም ነው። ሁለተኛዋ ከሪያድ ተመልሳ ትንሽ ሱቅ የከፈተች የእናትየው የእህት ልጅ ናት። ሦስተኛው ሴቶቹን ከኤጀንሲ ጋር የሚያገናኝ ወጣት ነው። የዚችንም ልጅ ጉዳይ የያዘው እሱ ነው።

ነገሩን ሳታስበው የጀመረችው እናትየዋ ናት። «እቁቤን አውጥቼ፣ ከወንድሜም ተበድሬ 60 ሺህ ብር ከፈልኩ፤ አልሐምዱሊላህ ተሳካ» አለች።

ጎረቤትየው ስኒውን አስቀመጠ። «ለምኑ ነው የከፈልሽው እታለም?»

«ለጉዳይ ማስፈጸሚያ ነው ያሉኝ።»

«ደረሰኝ ቆረጡልሽ?»

እናትየዋ ወጣቱን አየችው። ወጣቱ ጀበናውን አየ።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ጦፈ። ወጣቱ ሊከላከል ሞከረ። «ጋሼ፣ አሻራው አለ፣ ምርመራው አለ፣ ሥልጠናው አለ፣ አዲስ አበባ ምልልሱ አለ። ይሄን ሁሉ ማን ይጨርስላት? የድካም ዋጋ ነው።»

ጎረቤትየው ሕጉን በቃሉ ያውቀዋል። ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት በወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ ቪዛውን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱን የሚከፍለው አሠሪው ነው። የሠራተኛዋ ድርሻ እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባትና ውል ማረጋገጫ ያሉት ናቸው። «ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 ተቀብላለች» አለ። «ኤጀንሲ ከሠራተኛ በቀጥታም ሆነ በዘወርዋራ ክፍያ አይወስድም ይላል። ታዲያ ይሄ 60 ሺህ ስሙ ማነው?»

«ሕጉን አላጣሁትም» አለ ወጣቱ። «ግን ማኅበርዎ ምን አገባው? ልጅቷ አባል አይደለችም። ማኅበር ለመመሥረት አንድ ድርጅት ውስጥ 10 ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ የራሳችሁ አዋጅ ነው። ሪያድ አንድ ቤት ውስጥ 10 ሠራተኛ አለ? ሳዑዲ ደግሞ ማኅበር ራሱ ክልክል ነው። እዚህም ቢሆን የቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አትሸፈንም።»

እውነቱን ነው። የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ይኸው አዋጅ 1156/2011 ወደፊት ለሚወጣ ደንብ ትቶታል። በገዛ አገሯ ሕግ ያልጠበቃት ልጅ ባሕር ማዶ ማን ይጠብቃታል? ይህ ጥያቄ ውስጤ ቀረ።

ጎረቤትየው ግን አልተረታም። ቤይሩትን አነሳ። እ.ኤ.አ. በ2015 የቤት ሠራተኞች እዚያ የራሳቸውን ማኅበር መሥርተዋል። የሊባኖስ መንግሥት እውቅና ቢነፍጋቸውም አንድ የአገሪቱ የሠራተኛ ፌዴሬሽን ከጎናቸው ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የዓለም አቀፉ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሠራተኞች ራሳቸው ኤጀንሲዎችን በኮከብ የሚመዝኑበት ድረ ገጽ ከፍቷል። «ማኅበር ድንበር አይወስነውም» አለ።

ወጣቱ ጫን ያለ ነገር ያወጣው ይሄኔ ነው። «ቤይሩት ከመድረስዎ በፊት ጋሼ፣ እዚሁ ኮምቦልቻ ለሚያኖር ደመወዝ ተከራከሩላት። ያኔ እኔ ሥራ እፈታለሁ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቷ ቶናውን እየቀዳች ቀና አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አባል ነበርኩ። እናንተው ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። መዋጮው ከደመወዜ ይቆረጥ ነበር። ስለቅ ወዴት ነሽ ያለኝ ሰው የለም።»

ጎረቤትየው አንገቱን ደፋ። ከዚያ በፊት ልጅቷ የትኛው ክፍል ትሠራ እንደነበር እንኳ አያውቅም ነበር።

የእህትየው ልጅ እስከዚያ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። የእሷን ታሪክ ቁርጥራጩን ነበር የማውቀው። ያን ቀን ሙሉውን ነገረችን።

ውሏን የፈረመችው ልትበር አንድ ቀን ሲቀራት ነው፤ ቆማ፣ ሳታነብ። ሁለት ሰው ያለበት ቤት ነው ብለዋት ነበር። የጠበቃት ባለ ሦስት ፎቅ ቤትና ዘጠኝ ሰው ነው። አራት ወር ተከፈላት። ከአምስተኛው ወር ጀምሮ «ስትሄጂ በአንዴ እንሰጥሻለን» መባል መጣ። ኤጀንሲው ጋ ስትደውል «መክተቡን (እዚያ ያለውን አስቀጣሪ ቢሮ) አናግሪ» ይሏታል። መክተቡ ጋ ስትደውል «ኤጀንሲሽን አናግሪ»።

«ለምን ቶሎ አልተመለስሽም?» አልኳት።

«ዕዳው!» አለች። «አባቴ በሬ ሸጦ ነው የላከኝ። ብሩን ሳልመልስ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ወላሂ፣ ማዳሟ አይደለችም እዚያ ቤት ያሰረችኝ። ያ ዕዳ ነው።»

በመጨረሻ ጠፋች። ማዳሟ «ሁሩብ»፣ ማለትም ከሥራ ጠፍታለች ብላ አስመዘገበችባት። ተያዘች፣ ታሰረች፣ ባዶ እጇን ተመለሰች። አገሯ ገብታ ልትከስ ስትል መጀመሪያ የተጠየቀችው «ውልሽ የታለ?» ነው። ውሉ ማዳሟ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀርቷል።

«ማኅበር ሪያድ መጥቶ በር ይስበርልኝ አላልኩም» አለች። «የውሌን ኮፒ የሚያስቀምጥልኝ ሰው ነው ያጣሁት። ስደውል ስልክ የሚያነሳ ሰው።»

ጎረቤትየው የሥራ ስምሪት አዋጁ ለውሉ መጣስ ኤጀንሲውንም ከአሠሪው ጋር አንድ ላይ ተጠያቂ እንደሚያደርግ ነገራት። ለዚሁ ሲባል ኤጀንሲዎች ዋስትና እንደሚያስይዙም ጨመረ። «አሁን ገና ነው የምሰማው» አለች። ከተመለሰች አራት ዓመቷ ነው።

ወጣቱም ክፉ ልጅ አይደለም። ኤጀንሲው እንደማይከፍለው፣ የሚኖረው ከሴቶቹ በሚቀበለው እንደሆነ ተናገረ። «እኛም ከለከልናት እንበል፤ በአፋር በሚሌ ዞራ ጅቡቲ በኦቦክ ባሕር ትገባለች» አለ። ይህን ማንም አልካደም። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት የዐረብ አገር ጉዞውን ሲያግድ ስደቱ አልቆመም፤ ደላላውና በረሃው ነው የተረከቡት። ወሎ ውስጥ ይህን ያላየ ሰፈር ያለ አይመስለኝም።

እናትየዋ «ታዲያ ልጄ ትቅር ወይስ ትሂድ?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ፈጥና መለሰች፤ «እሄዳለሁ እማ።»

ደሴ እስክደርስ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ፍርዴን ልናገር።

ወጣቱ ያነሳቸው ሕጎች ትክክል ናቸው፤ የደረሰበት መደምደሚያ ግን ስህተት ነው። ሳዑዲ ውስጥ ማኅበር አለመፈቀዱ ኮምቦልቻ ውስጥ ለተወሰደ 60 ሺህ ብር ምክንያት ሊሆን አይችልም። ያ ብር የተበላው እዚሁ ነው፣ ልንይዘው በምንችልበት ቦታ። ጎረቤትየውም ልቡ ቀና ነው። ግን የልጅቷን ውል አሳዩኝ ሳይል ቤይሩት ደረሰ። ማኅበሩ ቢሮ አለው፣ ቁልፍ ያለው መዝገብ ሳጥን አለው፣ ውል ማንበብ የለመደ ሰው አለው። የእህትየው ልጅ ሪያድ ላይ ያጣችው በሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ አለ። የተጓዧ ልጅ አባልነት ግን ሥራ በለቀቀች ቀን በር ላይ ተቆረጠ።

እዚህ ላይ አቋሜ አይነቃነቅም። ከፋብሪካ ለቃ ዐረብ አገር የምትሄድ ሴት ስሟ ከማኅበሩ መዝገብ መውጣት የለበትም። ስንብቷን ስትወስድ ወዴት እንደምትሄድ ትጠየቅ። ውሏ በምትሰማው ቋንቋ ይነበብላት፤ ኮፒው ይቀመጥላት። የከፈለችው ብር ደረሰኝ ይጠየቅበት። የተመለሱትም እንደ አባል ይቆጠሩ፣ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለምና። ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም።

በረካው ሳይጠጣ ጎረቤትየው ውሉን ጠየቀ። የለም። ወጣቱ እዚያው ሆኖ ኤጀንሲው ጋ ደወለ። ረቡዕ ዕለት ውሉ በስልክ ፎቶ መጣ። የእህትየው ልጅ ከእናትየዋ ጋር ቁጭ ብላ መስመር በመስመር አነበበችላት፤ ታትሞም ማኅበሩ ቢሮ ተቀመጠ።

የ60 ሺህ ብሩ ደረሰኝ ግን ይህን እስከጻፍኩበት ሐሙስ ድረስ አልመጣም። ጎረቤትየው ሰኞ ከእናትየዋ ጋር ኤጀንሲው ቢሮ ድረስ ሊሄድ ፈቃድ ጠይቋል።