«በአካል ቀርበው» የሚለው ይሰረዝ

ሰሞኑን አንድ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጣ ያወጣውን የመምህራን ቅጥር ማስታወቂያ አነበብኩ። ሌክቸረርና ረዳት ፕሮፌሰር ይፈልጋል። ግርጌው ላይ ያቺ የማትለቅ ዓረፍተ ነገር አለች፦ አመልካቾች በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ኦሪጅናልና ኮፒ ማስረጃቸውን ይዘው በአካል ቀርበው ይመዝገቡ። በኢሜይል መላክ ይቻል እንደሆነ ደውዬ ስጠይቅ የሰው ሀብት ባለሙያው «እዚህ ድረስ ለመምጣት የሰነፈ ሰው ቢቀጠርም አይቆይም» አለኝ።

መምህር የሚለቀው ሰንፎ ነው እንዴ? በ2015 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሥራ ያቆሙት በደመወዝ ጥያቄ ነበር። ያኔ ማስተማር ካቆሙት ስንቶቹ በአካል ቀርበው የተመዘገቡ ነበሩ!

«በአካል» የሚለው ቃል የሚመዝነው ኪስን ነው። ከጎንደር ተነስቶ ጅማ ለማመልከት አዲስ አበባን አቋርጦ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። ትራንስፖርት አለ፣ አልጋ አለ፣ ምግብ አለ፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ማለት ነው። የግል ኮሌጅ የሚያስተምረው ፈቃድ አያገኝም፣ አራስ ልጅ የታቀፈችው አትነሳም። መጨረሻ ላይ የሚመዘገበው የከተማው ልጅና እዚያው ግቢ ዘመድ ያለው ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የየሰፈራቸው ሆኑ እያልን እናማርራለን፤ አጥሩ የሚጀምረው ከዚህች መስመር ነው።

አምና ታናሽ እህቴን አጅቤ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ነበር። ሁለት ቀን ተጉዘን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መስኮቱ ፊት ተሰለፍን። መዝጋቢዋ ክላሰሩን ገለጥ ገለጥ አድርጋ እህቴ ከግል ኮሌጅ ያጻፈችውን የሥራ ልምድ ነጥላ አወጣችና «የሥራ ግብር መከፈሉን አይገልጽም» ብላ በመስኮቱ መለሰችላት። የጎደለው አንድ መስመር ነው። በኢሜይል ቢሆን በማግስቱ አስተካክላ ትልከው ነበር። ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ቀርቶት ስለነበር ግን በዚያው ቀረች። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ክላሰሩን ከደረቷ አላወረደችውም።

ሐሰተኛ ማስረጃ በዝቷል ይሉኛል። በዝቷል። ነገር ግን መስኮት ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ ማኅተም በዓይኑ አይቶ ሐሰተኛውን አይለይም፤ የሚታወቀው ማስረጃውን ለሰጠው ተቋም ተጽፎ መልስ ሲመጣ ነው። ይህም ተወዳድሮ ላለፈው ሰው ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው። ኦሪጅናሉን ለፈተና ሲጠራ ይዞ ይምጣ፤ ያኔ ቢደክምም የሚደክመው ለተጨባጭ ተስፋ ነው።

ከ2015 ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ይወስዳሉ፣ ውጤታቸውንም በኢንተርኔት ያያሉ። ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚያስተናግድ ዩኒቨርሲቲ የአንድን አመልካች ትራንስክሪፕት በኢሜይል መቀበል አቃተኝ ሊል አይችልም።

ምዝገባው ገና አልተዘጋም፤ ማስታወቂያውን አርሞ ለማውጣት ጊዜ አለ። የዩኒቨርሲቲው የኢሜይል አድራሻም እዚያው ማስታወቂያ አናት ላይ፣ ከአርማው ሥር ታትሟል።